ቤት ሆነን የምናየው ኳስ

ጥቅምት 18 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤ «የልጄ ባል» ብዬ መጻፍ ስለማልወድ ልጄ ማለቱ ይበቃል።

እኔ ያለሁበት ሰላም ነው፤ እናንተ ያላችሁበትም ከዚህ የበለጠ ሰላም ይሁንላችሁ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ከማለቱ በቀር ጤነኛ ነኝ። የስፌት መኪናዬም እንደኔው ናት፤ እያጉረመረመች ትሠራለች።

አየሁህ። ቅዳሜ ዕለት ከሱቄ ጎን ባለው የፀጉር አስተካካይ ቤት ታጭቀን የእናንተን ከተማ ጨዋታ እያየን ነበር። ከዕረፍት በኋላ የማዕዘን ምት ሲመታ ካሜራው ከጎሉ ጀርባ ያለውን ሰው አሳየ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ቢጫ ኮፍያ። እኔ የሰፋሁት ኮፍያ። «ያ ቢጫው አማቼ ነው» ስል ግማሽ ፂሙን የተላጨ ደንበኛ ከነሳሙናው ከወንበሩ ተነሣ። ፀጉር አስተካካዩ አላመነም። «ቢጫ ኮፍያ አንተ ብቻ ነህ የምትሰፋው?» አለኝ። ጠርዙ ላይ ካለው ጥምዝ ስፌት የእኔን እጅ ከመቶ እጅ መሐል አውቀዋለሁ አልኩት። ለቤቱ ሁሉ ሻይ ጋበዝኩ። ከጎሉ ጀርባ ቁም ብዬ ጽፌልህ ቃሌን ስለሰማህ ተባረክ።

አንድ ነገር ብቻ ቅር አለኝ። የላክሁት ሁለት ኮፍያ ነው። ከጎንህ ልጄን ቀለሜን ስፈልግ ካሜራው ፊቱን አዞረ። ይህን ስም ያወጡላት የስታዲየም ጓደኞቼ መሆናቸውን ነግራህ ይሆናል። ስምንት ዓመት ሲሆናት ጀምሮ ይዣት እገባ ነበር፤ እሷ ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ ደረጃው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ጎል ሲገባ ብቻ ቀና ብላ «የማነው?» ትለኛለች። ኳሱን አትወደውም፤ የሰዉን ድምፅ ግን ትወደዋለች።

በሚቀጥለው ሁለታችሁም ሁኑ። ደግሞ ከደብዳቤህ ሥር እሷ የምትጽፍልኝ ሁለት መስመር እንዳትቀር።

አባትህ

ኅዳር 9 ቀን

ለተከበሩ አባታችን፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ፈጣሪ ያጽናልዎ። እኛ ደህና ነን። የአውቶቡስ ጋራዡ ሥራ እንደ ወትሮው ነው፤ በቀን ሃያ ሁለት አውቶቡስ አጥባለሁ፤ እጄ ሳሙና ሳሙና እንደሸተተ ይኸው ወረቀቱን ያዝኩ።

በቴሌቪዥን ስላዩኝ ደስ ብሎኛል። ቀለሜ የዚያን ቀን ራሷን ትንሽ አሟት ቤት ቀርታ ነው። አሁን ደህና ናት። ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ስለቆረጠች በዚህኛው ደብዳቤ መጻፍ አልቻለችም፤ ሰላምታዋን ግን ትልካለች።

ከእንግዲህ በቴሌቪዥን ባያዩን እንዳይገርምዎ። ወንበራችን ካሜራው በተተከለበት በኩል ሆኗል፤ ካሜራው ደግሞ ራሱን አያይም። ባለፈው ቅዳሜ ተከላካዩ ኳሱን በእጁ ነክቶ ዳኛው ሳያይ ቀረ። ሕዝቡ በጣም ጮኸ።

አክባሪ ልጅዎ

ኅዳር 28 ቀን

ውድ ልጄ፤

ሰላምታዬ እንደ ክር ረዝሞ ካላችሁበት ይድረስ። ጣቷ ዳነ? እኔ ስንቴ መርፌ ወግቶኛል፤ ጣት በሳምንት ይድናል።

እዚህ ስታዲየሙ እየሞተ ነው። ፀጉር አስተካካዩ የጠረጴዛ ያህል ቴሌቪዥን አስገባና ሠላሳ ዓመት ስታዲየም ከጎኔ የተቀመጠው እሱ ራሱ ከዳኝ። «ፀሐይ አይመታኝ፣ ለሽንት አልሰለፍ፣ አውቶቡስ አልጋፋ፤ ጎሉም ሦስቴ ይደገምልኛል» ይላል። ኳስ በቤት ማየት ሠርግ ቀርቶ የሠርግ ፎቶ እንደማየት ነው አልኩት። ስታዲየም ውስጥ ጎል አንዴ ብቻ ነው የሚገባው፤ ካመለጠህ አመለጠህ፤ ስለዚህ ዓይንህን ገልጠህ ትቀመጣለህ። እሱ ሳቀብኝ። ባለፈው እሑድ የኛ ጥግ ላይ ዘጠኝ ሰው ብቻ ነበርን፤ ሜዳው ውስጥ ያሉት በለጡን። ቤት የተቀመጠ ሁሉ ሰነፍ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በስልክ መጮኽ እንጂ መነጋገር እንደማልችል ታውቃለህ፤ ለዚህ ነው ደብዳቤ የምወደው፤ ደጋግሜ አነበዋለሁ። አሁን ግን የልጄን ድምፅ መስማት አማረኝ። በፀጉር አስተካካዩ ስልክ ልደውል። የትኛው ቀን ይመቻታል?

አባትህ

ጥር 6 ቀን

ለተከበሩ አባታችን፤

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ጋራዡ ውስጥ ሁለት ሰው ታሞ የእነሱም ሥራ እኔ ላይ ወድቋል። ስልካችን ደግሞ ተበላሽቷል፤ ጠጋኝ ይመጣል ይባላል፤ አልመጣም። ቀለሜ ደህና ናት፤ ሥራ በዝቶባት ነው እንጂ ትጽፍልዎ ነበር።

እርስዎን ደስ እንዲልዎ የቅዳሜውን ጨዋታ ልንገርዎ። ኳሱ መስመሩን ኖራው እስኪቦን ድረስ ነክቶ ነው የገባው። በረኛው ከንፈሩን ነክሶ ደም አወጣ። አሠልጣኙ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ተዉ፣ ተዉ» ሲል ነበር። ቀለሜም ከጎኔ ሆና በደንብ አይታለች።

አክባሪ ልጅዎ

ጥር 24 ቀን

ልጄ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ዛሬ ሰላምታ አላበዛም።

እኔ ስታዲየም መግባት ከጀመርኩ አርባ ዓመት ሆኖኛል። በአርባ ዓመት የአንድ በረኛ ከንፈር አይቼ አላውቅም። ከደረጃው ላይ ሆነህ አሠልጣኙ ሲናገር አፉ መንቀሳቀሱ እንኳ አይታይህም፤ እጁን ሲያወናጭፍ ብቻ ነው የምታየው። ኖራው ሲቦን የሚታየው በዝግታ ሲደግሙት ነው፤ እኔም ፀጉር አስተካካዩ ቤት አየሁት። ስታዲየም የዋለ ሰው የሚጽፈው ሌላ ነው። ከፊቴ የቆመው ረጅም ሰው ከለከለኝ ይላል። ተረገጥኩ፣ በረደኝ፣ ከጎኔ ያለው ሰውዬ እንዲህ ብሎ ተሳደበ ይላል። ከአንተ ሁለት ደብዳቤ ውስጥ አንድም የሚገፋህ ሰው የለም።

ላም ባልዋለበት ኩበት እየለቀምክልኝ ነው። ጨዋታውን ያየኸው ቤትህ ቁጭ ብለህ ነው። ብትቀር ምን ቸገረኝ፤ የሚያስጨንቀኝ ስለ መቅረትህ መዋሸትህ ነው። ጣት ተቆረጠ፣ ስልክ ተበላሸ፣ ሥራ በዛ። ከጥቅምት ወዲህ የልጄን አንድ ፊደል አላየሁም።

ቀለሜ ምን ሆናለች? በሕይወት ከሌለች እንዲያው በአንድ መስመር ጻፍልኝ። ካለችም ንገረኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የተቀደደውን ሳላይ መጠገን አልችልም።

አባትህ

የካቲት 20 ቀን

ለአባታችን፤

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ባይነጋ በወደድኩ። ቀለሜ በሕይወት አለች። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ቀጥሎ ያለውን ቁጭ ብለው እንዲያነቡ ነው።

የዚያን ቀን፣ ጥቅምት 16፣ ከጠዋት ጀምሮ ራሴን አሞኛል አለችኝ። እኔም እንግዲያውስ ልቅር አልኳት። «አባባ እኮ ቴሌቪዥኑ ፊት ተተክሎ ይፈልግሃል። ደግሞ ለራስ ምታት» ብላ ኮፍያውን በገዛ እጇ ደፋችልኝ። ስታዲየሙ ከቤታችን ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚርቀው። ደረስኩ፣ እንዳሉኝ ከጎሉ ጀርባ ቆምኩ።

ጨዋታው አልቆ ስመለስ ወጥ ቤት ወለል ላይ አገኘኋት። የቧንቧው ውኃ እንደተከፈተ ይፈሳል። ዓይኗ ያየኛል፤ አፏ ግን ወደ አንድ ወገን ሄዶ መናገር አልቻለችም። ሐኪሙ ወደ አንጎሏ ደም የሚወስደው ሥር ተደፍኗል አለ። «ከወደቀች ስንት ሰዓት ሆናት?» ሲለኝ አላውቅም አልኩት። «ቶሎ ብትደርስ ኖሮ» ብሎ ሳይጨርስ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። እኔም ጨርስልኝ አላልኩትም።

ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አይታዘዟትም። ቃል አይወጣትም። የምንላትን ግን ትሰማለች፤ ሰውም ታውቃለች። በዘጠነኛው ቀን በግራ እጇ እርሳስ ይዛ «አባባ እንዳይሰማ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ምንም አልጻፈችም። ለምን እንዳለች እርስዎ ሳይገባዎ አይቀርም። እኔም የዋሸሁት ስለዚያች ወረቀት ነው፤ ግማሹን ግን ስለራሴ ብዬ ነው፤ አልደብቅም።

የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። እሷን ለማውረድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከታች ያለች ጡረተኛ አስተማሪ አብራት ትውላለች፤ ቅዳሜ ግን ሴትዮዋ ወደ ልጆቿ ትሄዳለች። ስለዚህ ቅዳሜ ሁለታችን ቤት ነን። ወንበሯን መስኮቱ አጠገብ አደርግና ቴሌቪዥኑን እከፍታለሁ። ሥዕሉ ከስታዲየሙ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጎል ሲገባ ጩኸቱ በመስኮት ቀድሞ ይመጣል። እሷ እጄን ጨበጥ ታደርጋለች። ከዚያ ሁለታችንም ኳሱ እስኪገባ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። እንደሚገባ እያወቅን፣ በረኛው ደግሞ ገና ሳያውቅ። እኔ በዚያን ጊዜ ሁልጊዜ ያንን ቀን አስባለሁ፤ እሷ ምን እንደምታስብ አላውቅም።

ይቅር ካሉኝ ይጻፉልኝ። ባይሉኝም ይጻፉልኝ።

ልጅዎ

ግንቦት 10 ቀን

ልጄ፤

ሁለት ወር ተኩል ዝም ማለቴ በአንተ ቂም ይዤ እንዳይመስልህ። ወረቀት ፊቴ አስቀምጣለሁ፤ «ይድረስ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ እጄ አይሄድም። ደብዳቤህን ሱቅ ውስጥ ነበር ያነበብኩት። ለሰው የጀመርኩትን እጅጌ መኪናው ላይ እንዳለ ትቼ በሩን ዘጋሁ።

ሂሳቡን እኔም ሠርቼዋለሁ። ካሜራው ኮፍያህን ያሳየኝ ከዕረፍት በኋላ ነው። እኔ ሻይ ስጋብዝ እሷ ወለሉ ላይ ነበረች። የሄድከው ሂድ ስላልኩህ ነው፤ እሷ እንዳልሰማ የፈለገችውም ይህንኑ ነው። ልጄ አፏ ተይዞ እንኳ ያሰበችው ለእኔ ነው። ይህን ምን እንደማደርገው አላውቅም፤ የት እንደማስቀምጠው አላውቅም። ይቅር ልበልህ ወይ ይቅር በለኝ ልበልህ፣ ማን ማንን እንደሚል ጠፋብኝ።

ልመጣ ሞከርኩ። የጉዞ ፈቃድ መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ ተመላለስኩ። በመስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ክፉ አይደለችም። «አባ፣ ሐኪም ልብዎ ለአውሮፕላን አይሆንም ብሎ ጽፏል፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለችኝ። እኔም ምን ታድርግ። በአራተኛው ቀን ወንበር ሰጠችኝ፤ ትንሽ ተቀምጬ ወጣሁ።

ስታዲየም መግባት ተውኩ። ማዘኔን ለሰው ለማሳየት አይደለም። አንድ እሑድ እንደ ልማዴ በሩ ላይ ደረስኩ፤ ቲኬት ቆራጩ ቆርጦ ሰጠኝ። «ግባ እንጂ፣ መንገድ ዘጋህ» አለኝ። እግሬ እምቢ አለ። አንድ ነገር ቢሆን፣ አንድ ሰው ቢደውል፣ እኔ እዚያ ደረጃ ላይ ማን ያገኘኛል ብዬ አሰብኩ። ተመለስኩ። አሁን በጨዋታ ሰዓት ፀጉር አስተካካዩ ቤት፣ ስልኩ አጠገብ ነኝ።

እዚያ ስቀመጥ ሰነፍ ያልኳቸውን ሰዎች አየኋቸው። አንዱ ሚስቱ የኩላሊት ሕመምተኛ ናት፤ እሷን ሆስፒታል አድርሶ እስኪመልሳት ነው የሚቀመጠው። አንዱ ልጁ ሰው ሲበዛበት ራሱን ይስታል። ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ሲገባ ደረጃውን በአንድ ዓይኑ እየዳሰሰ ይወጣ እንደነበር ገና አሁን ነገረኝ። ሌላኛው ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል። «ለምን አልነገርከኝም?» ስለው «ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለኝ። አልጠየቅሁትም።

አንድ ልመና አለኝ። ግንቦት 30 ቅዳሜ ነው። ከቀኑ በአሥር ሰዓት እደውላለሁ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርግልኝ። እንድትመልስልኝ አይደለም። ከስታዲየም የተመለስኩ ይመስል ጨዋታ ልንገራት፤ ስለ ሕመሟ አንድም ቃል አልናገርም።

አባትህ

ሰኔ 5 ቀን

ለአባታችን፤

መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ ደጋግሜ ብደውል «ተይዟል» ይለኛል። ስለዚህ ያልነገርኩዎን በጽሑፍ ልንገርዎ።

ድምፅዎ ለእኔም ይሰማኝ ነበር፤ ይጮኻሉ እኮ። የሰፈራችሁ ቡድንና የጡብ ፋብሪካው ቡድን ሲጫወቱ፣ ከፊትዎ የተቀመጠው ወፍራም ሰውዬ ጃንጥላ ዘርግቶ ሰው ሁሉ ሲሰድበው፣ ሁለት ለባዶ ተመርታችሁ ሁለት ለሁለት ስትሆኑ፣ ሁሉንም ሰማሁ። ቀለሜ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ሁለተኛው ጎል ሲገባ በግራ በኩል ብቻ ፈገግ አለች። ሃያ ደቂቃ ቀርቶ የግራ ክንፉ ልጅ ኳሱን ይዞ መሮጥ ሲጀምር መስመሩ ጠፋ። እኔ ተቋርጧል ብዬ ስልኩን ልወስድ ስል አልለቀችም። ድምፅ የሌለውን ስልክ ይዛ ብዙ ቆየች። ባስለቅቃት ይሻላል ወይስ ልተዋት እያልኩ ቆሜ ቀረሁ።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ አስተማሪዋ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ቀለሜ እርሳስ በምልክት ጠይቃ ገጹን ሙሉ አንድ ቃል ጽፋለች፤ ፊደሎቹ ይጋጫሉ፤ ግን ይነበባል። «ከዚያስ?» ይላል።

ደስ እንዳይልዎ አልፈልግም፤ እንዳይታለሉም እፈራለሁ። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ የሚመለስ ነገር ቢኖር በጣም ጥቂት ነው ብሏል። በዚህ ሳምንት መዋጥም እያስቸገራት ነው። ነገር ግን በር በከፈትኩ ቁጥር ያንን ወረቀት አንሥታ ታሳየኛለች። ጨዋታው በምን አለቀ? እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ

ሰኔ 20 ቀን

ልጄ፤

ደብዳቤህ ደረሰኝ። «ከዚያስ?» የምትለውን ቃል ለፀጉር አስተካካዩ አነበብኩለት፤ መቀሱን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ።

ለአንተ እውነቱን ልንገርህ፤ ለእሷ ግን አትንገርብኝ። ጨዋታ አልነበረም። የዚያን ቅዳሜ ሜዳው ባዶ ነበር፤ ጨዋታ ቢኖርም አልገባም ነበር። ወፍራሙ ሰውዬ የለም፤ ጃንጥላውም የለም። ሁሉንም ከራሴ ነው የሰፋሁት። እኔ ደግሞ አንተን ውሸታም ያልኩ ሰው ነኝ።

መጨረሻውን ለመጻፍ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ብናሸንፍ ያምራል ብዬ ጻፍኩት። ሳነበው ውሸቱ ከሩቅ ይታያል፤ በልጅነቷ እንኳ እንዲህ ያለውን ጎል ስነግራት «አባባ፣ ተው» ትለኝ ነበር። ብንሸነፍ ልበል አልኩ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። እኩል ወጣን ብልም ያው አለቀ ማለት ነው። ካለቀ በኋላ ምን ልበላት? ልደውልላት ብዬ ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥቼ አስቀመጥኩ። ስልሳ ዓመት የሰው ልብስ ስጨርስ ኖሬ ይህችን መጨረስ አቃተኝ።

ስለዚህ ይህን በላት። ልጁ ኳሱን ይዞ ሳጥኑ ውስጥ ሊገባ ሲል ዝናብ መጣ፤ ኃይለኛ ዝናብ፤ ሜዳው ውኃ ሞላ። ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ሁሉንም አስወጣ። ውጤቱ ሁለት ለሁለት እንደሆነ ተመዝግቧል። የቀረውን ሃያ ደቂቃ ሌላ ቀን ይጫወቱታል፤ ቀኑ ገና አልተቆረጠም በላት።

አባታችሁ